በረዶ የጣልኩባቸው ዓሦች

ዓሣ ይሞቀዋል ብሎ የሚያስብ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም ነበር። ለእኔ ዓሣ ማለት ቀኑን ሙሉ ገላውን እየታጠበ የሚኖር፣ ፈጣሪ ያደላለት ፍጡር ነበር። በአዋሽ ሰባት ኪሎ የግንቦት ቀትር፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተጋድሜ ላቤ ሰሌኑን አልፎ መሬቱን ሲያርሰው፣ «ምነው ዓሣ ባደረገኝ» ያልኩበት ቀን ብዙ ነው። አሁን አልልም። ለምን እንደማልል ልንገራችሁ። ታሪኩ አጭር ነው፤ የሚያረዝመው የእኔ አፍ ነው።

ያን ጊዜ ደሴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት እጠብቅ ነበር። ውጤት መጠበቅ ሥራ አይደለም የሚል ሰው ጠብቆ አያውቅም። እናቴ ግን ስጠብቅ ማየት ሰለቻትና «ሂጂ አክስትሽን አግዢ» ብላ ወደ አዋሽ ላከችኝ። አክስቴ ዘይነባ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ሻይ ቤት ነበራት። ደንበኞቿ ከአሰብ የሚመጡና ወደ አሰብ የሚሄዱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ነበሩ። ሻይ ስትቀዳ ማንቆርቆሪያውን ከራሷ በላይ አንስታ ነው፤ ሻዩ እንደ ገመድ ተዘርግቶ ይወርድና ብርጭቆው ውስጥ አረፋ ይሠራል። «አረፋ የሌለው ሻይ ትንፋሽ የሌለው ሰው ነው» ትላለች። እኔም እንደሷ ልቅዳ ብዬ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሾፌር ጭን ላይ ቀዳሁ። በሁለተኛው ሳምንት ስድስት ብርጭቆ ሰበርኩ። ከዚያ በኋላ አክስቴ የማይሰበር ሥራ ትፈልግልኝ ጀመር።

የማይሰበረው ሥራ ጎረቤት ተገኘ። ጋሽ ተሰማ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው። ዕድሜያቸውን ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ሲመላለሱ ኖረው፣ በመጨረሻ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋረዳቸው። የሚኖሩበት የባቡር ሠራተኞች ቤት ድሮ የአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ነበር። ፈረንጁ ሲሄድ ጓሮው ውስጥ አንድ የሲሚንቶ ገንዳና ጥቂት ቀያይ ዓሦች ጥሎ ሄደ። የጋሽ ተሰማ ባለቤት እትዬ አስካለ ልጅ አልወለዱም፤ ዓሦቹን አሳደጉ። ሰባት ነበሩ። ስማቸውንም በባቡር መስመሩ አወጡላቸው፤ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ድሬዳዋ። እትዬ አስካለ ካረፉ በኋላ ጋሽ ተሰማ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ጣሳውን በማንኪያ ኳ ኳ ያደርጉና እንደ ባቡር ጣቢያ ለፋፊ ስማቸውን ይጠራሉ። ዓሦቹ ወጥተው ከንፈራቸውን ጧ ጧ ያደርጋሉ። ጋሽ ተሰማ አያዩዋቸውም፤ ግን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ በድምፃቸው ይቆጥሯቸዋል።

ሌላ ቆጣሪም ነበረች። ፋጡማ ትባላለች፣ ጠዋት ጠዋት ወተት የምታመጣልን የአፋር ሴት። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም፤ ቁጭ ብሎ ዳጉ ይቀባበላል። ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ የማን ግመል ጠፋ ይባባላል። ወሬ መጨመር፣ ወሬ መቀነስ ነውር ነው። ፋጡማ ጋሽ ተሰማንም ከዳጉዋ አስገብታቸው ነበር። ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ ትልና «ዓሦቹስ?» ትላቸዋለች።

«ሰባቱም ደህና ናቸው።»

«አይተህ ነው ሰምተህ?»

«ሰምቼ ነው» ይላሉ ጋሽ ተሰማ። ይህችን ቃል ሲናገሩ ሁልጊዜ ትከሻቸው ትንሽ ወረድ ይላል።

በዚያ ግንቦት ጋሽ ተሰማ ዓይናቸውን ሊታከሙ ድሬዳዋ ሊሄዱ ሆነ። አክስቴ አፏን ሞልታ «ዓሦቹን ይቺ ልጅ ትይዝልዎታለች» አለች። ለእኔ ደግሞ በጆሮዬ «ዓሣ አይሰበርም» አለችኝ።

ጋሽ ተሰማ ሻንጣቸውን ይዘው ባቡሩ መሳፈሪያ ላይ ቆመው አደራቸውን ሰጡኝ። «አንደኛ፣ ጥላ አይለያቸው፤ ዳሱን ነፋስ ወስዶታል፣ የሆነ ነገር ጋርጂላቸው። ሁለተኛ፣ ውኃው ሲጎድል በማለዳ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሪ፤ በድንገት የበረደው ይገድላቸዋል። ሦስተኛ...» ሦስተኛውን እኔ አላውቀውም። ልቤ ባቡሩ ላይ ተሳፍሯል። አንዲት ቢጫ ሻሽ ያሰረች ልጅ በመስኮት ክንዷን አውጥታ ተቀምጣለች፤ እሷ ብሆን፣ ባቡሩ ቢሄድ ቢሄድ፣ ድሬዳዋን አልፎ ባሕሩ ዳር ቢጥለኝ እያልኩ ነበር። ጋሽ ተሰማ እጄን ሲይዙኝ ነው የተመለስኩት።

«መሞታቸውን ፈርቼ አይደለም፤ ሁሉም ይሞታል» አሉኝ። «የአስካለ ናቸው። ዓይኔ የበራ እንደሆነ መጀመሪያ ማየት የምፈልገው እነሱን ነው። ገባሽ፣ ልጄ?»

«ገብቶኛል ጋሽ ተሰማ» አልኩ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ አልገባኝም ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሥራው የንጉሥ ነበር። ገንዳው አጠገብ ሰሌን አንጥፌ እጋደማለሁ። ቀትር ላይ አዋሽ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ፍየሎች እንኳ የባቡር ፉርጎ ሥር ገብተው ያንቀላፋሉ። ሐዲዱ ከሩቅ እንደ ውኃ ይንቀጠቀጣል። ዓይኔን ስጨፍን ዓሦቹ ከገንዳው ወጥተው በሙቀቱ ላይ ሲዋኙ አያለሁ። አየሩ ወፍራም ነው፣ ይሸከማቸዋል። ሰባቱ ተሰልፈው በገደሉ ላይ፣ በድልድዩ ላይ እየቀዘፉ ይሄዳሉ፤ እያንዳንዳቸው በየስማቸው ጣቢያ ይወርዳሉ፤ እኔ ትኬት ቆራጭ ነኝ፣ ቢጫ ሻሽ አስሬያለሁ። ስነቃ ላቤ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ አገኘዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ በማለዳ ውኃው ፊት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። አፉን የሚከፍት ፍጡር ምን ይፈልጋል? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ራባቸው አልኩ። ዳቦ ፈረፈርኩላቸው። አልጠገቡም፤ አፋቸውን ይከፍታሉ። ሩዝ ጨመርኩ። ይከፍታሉ። ከሾፌሮቹ የተረፈ ፓስታ ጨመርኩ። ወላሂ፣ ፓስታ! አንዷን ክር ፓስታ ወለንጪቲና ናዝሬት ከሁለት ወገን ይዘው ሲጓተቱ እየሳቅኩ አየሁ። ውኃው መጀመሪያ አጓት መሰለ፤ ቀጥሎ አረንጓዴ ሆነ፤ ከዚያ መሽተት ጀመረ። ጥላ የተባለውን በአክስቴ አሮጌ አንሶላ ጋርጄ ነበር፤ እሱንም በሁለተኛው ቀን ፍየል በላው።

ሙቀቱ ደግሞ ባሰ። እጄን ገንዳው ውስጥ ስነክረው የሻይ ውኃ ነው። ያን ጊዜ ብልሃት መጣልኝ። እኔ ላይ ብልሃት ሲመጣ ሰው መሸሽ አለበት። ከድሬዳዋ በሚመጣው ባቡር ለአንዱ ቡና ቤት በጆንያና በሰጋቱራ ተጠቅልሎ በረዶ ይመጣል። የቡና ቤቱን አስተናጋጅ ለምኜ አንድ ድፍን በረዶ፣ የሕፃን ልጅ የሚያህል፣ ታቅፌ በቀትር እየሮጥኩ መጣሁ። ደረቴ ላይ ሲቀልጥ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። እኔን እንዲህ ደስ ካለኝ እነሱንማ አልኩና ከነሰጋቱራው ገንዳው ውስጥ ጣልኩት።

ውኃው ተንቦጫረቀ። ዓሦቹ እንደ ጥይት በአራቱም ማዕዘን ተበተኑ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ጎናቸውን እየሰጡ ተንሳፈፉ። ልብሴን ሳላወልቅ ገብቼ በረዶውን አውጥቼ ወረወርኩት። አንዷን በእጄ እያሻሸሁ፣ ሌላዋን «ተነሺ! ተነሺ!» እያልኩ፣ እያለቀስኩ፣ ሰጋቱራ ከአፌ እየተፋሁ ስድስቱ ቀና አሉ። መተሐራ ግን አልተነሳችም። ሆዷ ነጭ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ሆዷን አይቼው አላውቅም ነበር። በሻይ ቅጠል ካርቶን አድርጌ ከጓሮው የኒም ዛፍ ሥር ቀበርኳት።

በማግስቱ ጠዋት ፋጡማ ወተቷን አስረክባ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለች።

«ዓሦቹስ?»

አፌ ከእኔ ፈጥኖ «ሰባቱም ደህና ናቸው» አለ።

«አይተሽ ነው ሰምተሽ?»

«አይቼ ነው።»

ትንሽ አየችኝ፤ ተነሥታ ሄደች። እኔ የወተት ሻጭ ወሬ እስከ መስጊዱ ጥግ ይደርስ ይሆናል ብዬ ነበር። ይህን ባልኩ በአምስተኛው ቀን የባቡሩ ጠባቂ ሻይ ቤታችን ገብቶ «የዓሦቹ ልጅ የታለች?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ጋሽ ተሰማ ሰላም ብለውሻል። ሰባቱም ደህና መሆናቸውን አንድ አፋር ሚኤሶ ላይ ለአንዱ ነግሮት፣ ያም ድሬዳዋ ሆስፒታሉ በር ድረስ መጥቶ ነግሯቸዋል። ሰውየው በደስታ ወጥ ሲበሉ ሸሚዛቸው ላይ ደፉ። ዓይናቸው ተሳክቷል ይባላል። ግን ሐኪሙን አስቸገሩ፤ ፋሻው ተፈትቶ ዓይናቸው ታይቶ፣ ‹መልሳችሁ ሸፍኑልኝ፤ ገንዳዬ አጠገብ ስደርስ እፈታዋለሁ› አሉ። ዓርብ ይመጣሉ።»

አክስቴ «አልሐምዱሊላህ!» አለች። እኔ የያዝኩትን ብርጭቆ ለቀቅኩት። ሰባተኛ ብርጭቆ።

ሰው ሲጨንቀው ምን ያደርጋል? እውነቱን ይናገራል ካላችሁ እናንተ ጨንቋችሁ አያውቅም። እኔ ሰባተኛ ዓሣ ፍለጋ ወጣሁ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ፤ አዋሽን የሚጎረጉር ደግሞ አዞ ያወጣል፤ ስለዚህ ራሴ አልጎረጎርኩም። ከድልድዩ አጠገብ ዓሣ የሚያጠምድ ሰውዬ አንድ ነፍስ ያለው አምባዛ በባልዲ ሰጠኝ። አምባዛ ጥቁር ነው፣ ክንድ ያህላል፣ ጺም አለው። ባልዲውን ተሸክሜ ገደሉን ስወጣ እያሰብኩ ነበር፤ ጋሽ ተሰማ ዓሦቹን ለዓመታት አላዩም፣ ዓሣም እንደ ሰው ያረጃል፣ ሲያረጅ ይጠቁራል ብላቸውስ? ጺሙንስ?

ጓሮ ስደርስ ፋጡማ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ጣቷን እያጠፈች ትቆጥራለች። ስድስት ላይ ቆመች። ከዚያ ባልዲዬን አየች።

«ይሄ ማነው?»

«መተሐራ ነው» አልኩ።

አምባዛው ጺሙን እያርገበገበ ሁለታችንንም ተመለከተን።

«አይተሽ ነው ሰምተሽ?» አለችኝ።

ሳቅ አመለጠኝ፤ ከሳቁ ቀጥሎ ልቅሶ መጣ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ፓስታውን፣ በረዶውን፣ ካርቶኑን። ፋጡማ አልጮኸችም፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የወተት ዕቃዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ዳበሰችው።

«ይህን ወተት ስንት ዓመት አመጣሁ። አንድ ቀን ውኃ ጨምሬበት አላውቅም። አንቺ ወሬዬ ውስጥ ውኃ ጨመርሽ። እስከ ድሬዳዋ በእኔ ስም ሄደ።»

«ምን ላድርግ?»

«አንቺ ምንም። እኔ ነኝ የማደርገው። ከአፌ የወጣውን በአፌ እመልሳለሁ። ልጅቱ ዋሸች፣ ዓሦቹ ስድስት ናቸው እላለሁ።»

«ስሜን ትጠሪያለሽ?»

«ስም ከሌለው ወሬ አይደለም።»

በዚህ መሐል አክስቴ በጓሮ በር ገባች። ከአጥሩ ወዲያ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ጫማዋን አውልቃ ትመታኛለች ብዬ ስጠብቅ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ ቀረች። ስድስቱ ውኃው ፊት ላይ ተደርድረው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«አንቺ ደንቆሮ፣ አልራባቸውም እኮ!» አለች። «ትንፋሽ አጥሯቸው ነው። ነፍሷን ይማርና አስካለ በየግንቦቱ ማንቆርቆሪያዬን ትዋሰኝ ነበር። ሻይ የማትወድ ሴት ማንቆርቆሪያ ምን ያደርግላታል እል ነበር እንጂ ጠይቄያት አላውቅም። አሁን ገባኝ። አረፋ! ሩጪ፣ ትልቁን ማንቆርቆሪያ አምጪ። ይህን ጺማም ደግሞ ከዚህ አርቂልኝ፤ ገንዳው ውስጥ ብትጨምሪው ሌሊቱን ስድስቱንም እራት ያደርጋቸው ነበር።»

አምባዛው በበርበሬ ተለውሶ ለሾፌሮች ቀረበ። ደግ ፍጻሜ ነው፤ ከእኔ ጋር ከመኖር ይሻላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ሕልም ይመስለኛል። ፋጡማ ከመንደሯ ቤት የሚሠሩበትን የዘንባባ ሰሌን አምጥታ በአራት እንጨት ላይ ወጠረችው፤ ፍየሏ መጥታ አሸተተችውና ንቃ ሄደች። የተበላሸውን ውኃ በየማለዳው በጥቂት በጥቂቱ እየቀዳን አዲስ ጨመርን። አክስቴ በርጩማ ላይ ትቆምና ማንቆርቆሪያውን ከራሷ በላይ ታነሣለች፤ ውኃው ከሰማይ እንደ ወረደ ገመድ ገንዳው ላይ ይንዠቀዠቃል፣ አረፋው ነጭ ሆኖ ይስፋፋል፣ ስድስቱ ከአረፋው ሥር ገብተው ይጨፍራሉ። «ለሞጆ አንድ! ለናዝሬት አንድ! ሂሳብ በኋላ!» ትላለች። ስትደክም እኔ እወጣለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳላቃጥል ቀዳሁ።

ውኃ ከቦኖ ስናመላልስ ያየ ሰው ደግሞ ጠቆመብን። የቀበሌው ሊቀመንበር ካኪውን ለብሶ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ጓሮ ገባ።

«ጓዲት፣ ሰፊው ሕዝብ በጀሪካን ተሰልፎ እያለ አንቺ ዓሣ ታጠጫለሽ?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዓሣ አይጠጣም፤ ይኖርበታል።»

«ነዋሪ ከሆነ የቀበሌ መታወቂያ የታለ?»

አክስቴ ከበርጩማው ላይ ሆና «ፎቶ ሊነሡ ሲሉ ይንቀሳቀሳሉ» አለች።

እኔ ዛሬ ታሰርን ብዬ ደነገጥኩ። ዘመኑ በቀልድ የሚታለፍበት አልነበረም፤ በትንሽ ቃል የሄደ ሰው ነበር። ሊቀመንበሩ ግን ከሰሌኑ ሥር ገብቶ ነበር። ጥላው ያዘው። የውኃው ድምፅ ያዘው። ጠርዙ ላይ ተቀመጠ፤ ቆቡን አወለቀ። ግንባሩ ላይ ቆቡ ያሰመረው ቀይ መስመር ነበር። «እኔም ልጅ ሳለሁ ዝዋይ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ጥቂት ቆይቶ አንቀላፋ። ደብተሩ ከጭኑ ሊንሸራተት ሲል ያዝኩለት፤ ምንም አልተጻፈበትም። ሲነቃ ተቆጥቶ «ከገንዳው የምታወጡትን ውኃ አትክልት አጠጡበት!» ብሎ ወጣ። በማግስቱ በቀትር መጣ። «ለቁጥጥር ነው» አለ። ለቁጥጥር መጥቶ ተኛ።

ዓርብ ደረሰ። ባቡሩ ከሩቅ ሲጮህ ወደ ጣቢያው ሄድኩ። ጋሽ ተሰማ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ታስሮ በጠባቂው ክንድ ተደግፈው ወረዱ። ልሸሽ አሰብኩ፤ ባቡሩ እዚያው ቆሟል፣ መስኮቱም ክፍት ነው። እግሬ ግን ወደሳቸው ሄደ። እጃቸውን ያዝኩ።

«ጋሽ ተሰማ፣ አንድ ነገር...»

«ገንዳው አጠገብ» አሉኝ። «እዚያ ትነግሪኛለሽ።»

ከጣቢያው እስከ ጓሮው ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞ አያውቅም። ሲደርሱ እጃቸውን ዘርግተው የሰሌኑን ጥላ ዳበሱ። አክስቴ እየቀዳች ነበር። ጋሽ ተሰማ የውኃውን ድምፅ ሲሰሙ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አስካለ እንዲህ ትቀዳ ነበር» አሉ።

ፋጡማ የወተት ዕቃዋን ይዛ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብላለች። ጋሽ ተሰማ ጠርዙ ላይ ተቀመጡ፤ ጣሳውን በማንኪያ ኳ ኳ አደረጉ። ከዚያ ጨርቁን ፈቱት።

ዓይናቸው ቀይ ነበር፣ ያለቅስ ነበር፣ ይጨፈንና ይከፈት ነበር። ገንዳውን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። እንደ ለፋፊ ጀመሩ።

«ሞጆ... ናዝሬት... ወለንጪቲ...»

መተሐራ ጋ ሲደርሱ አቋረጡ። ቀደምኳቸው። «ጋሽ ተሰማ፣ መተሐራን እኔ ነኝ የገደልኳት። በረዶ ጣልኩባት። ደህና ናቸው ያልኩትም ውሸቴን ነው።»

ዞረው አዩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚያዩኝ።

«አንቺ ነሽ? በድምፅሽ ትልቅ ሴት ትመስይኝ ነበር፤ ለካስ ሕፃን ነሽ» አሉ። «አውቄያለሁ። ሚኤሶ ላይ አንድ አፋር ተሳፍሮ አጠገቤ ተቀመጠ። ልጅቱ ዋሽታ ነበር፣ ስድስት ናቸው፣ አንዷን በረዶ ገደላት፣ አሁን ሦስት ሴቶች ሻይ እየቀዱላቸው ነው አለኝ። የመጨረሻውን አላመንኩትም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጨርቁን እስካሁን አልፈቱትም?»

«ስድስቱን ላያቸው ነዋ!»

ወደ ገንዳው ዞሩ። «ባቡር የማይቆምበት ጣቢያ ሲደርስ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ይጮሃል» አሉና እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሙሉ ሳምባቸው «ፏ... ፏ...!» አሉ። ተኝቶ የነበረው ሊቀመንበር ከሰሌኑ ጥግ ብድግ ብሎ ቆቡን ፈለገ። ስድስቱም ዓሦች ምሳ የተጠሩ መስሏቸው ፈጥነው ወጥተው ከንፈራቸውን ጧ ጧ አደረጉ።

«አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ድሬዳዋ» ብለው ጨረሱ ጋሽ ተሰማ።

ፋጡማ መጥታ ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አለች።

«ዓሦቹስ?»

«ስድስት ናቸው። ደህና ናቸው።»

«አይተህ ነው ሰምተህ?»

ጋሽ ተሰማ ትከሻቸውን ቀና አደረጉ። «አይቼ ነው» አሉ። ፋጡማ ተነሥታ የወተት ዕቃዋን አንጠለጠለችና ሳትሰናበት፣ እየፈጠነች ወጣች።

በሳምንቱ አንድ ሾፌር ከአሰብ ሲመለስ ሻይ ቤታችን ገብቶ፣ ሰመራ በሚባለው ነፋስ ብቻ በሚኖርበት ሜዳ ላይ ጎማው ፈንድቶ ሲያስተካክል፣ አንድ ግመል ነጂ መጥቶ የነገረውን ነገረኝ። አዋሽ ላይ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸው በርቶ ስድስት ቀያይ ዓሦች አዩ ይባላል አለኝ። ማንቆርቆሪያውን ከራሴ በላይ አንሥቼ እየቀዳሁለት ነበር፤ አረፋው ብርጭቆውን ሞላው፣ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

«አይተህ ነው ሰምተህ?» አልኩት።